ሁለተኛው ሳልቫትዮ እንዲተነፍስ

(በሆሳዕና ከተማ ለሀዲያና ለከምባታ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለጉባኤ ሳይሆን ለጋራዥ የሚስማማ ይመስላል። በፒካፕ መኪና ላይ ተጨማሪ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ በተለምዶ አጠራራችን ሁለተኛ ሳልቫትዮ፣ ስለማስገጠም ነው። ቃሉን ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል፤ እንደ ጋቢናው፣ እንደ ማርሚታውና እንደ ጎሚስታው ሁሉ የጋራዥ ቋንቋችን ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ሥራውን የሚሠራው መካኒክ ቢሆንም፣ እንዲሠራ የሚያዘው፣ ገንዘቡን የሚከፍለውና በመኪናው ላይ ሰው የሚያሳፍረው የአጥቢያው ጉባኤ ነውና ጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ የእናንተ ነው። ጉባኤው የሚጠይቀውን ካላወቀ ሠራተኛው የቀለለውን ይሠራል፤ የቀለለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአየር መተንፈሻውን መተው ወይም እንደነገሩ ማበጀት ነው። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በመተንፈሻው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ፍላጎቱ ከየት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን። ማደያው አንድ ቀን ናፍጣ አለው፣ ሦስት ቀን የለውም። ናፍጣ መጣ ሲባል ሰልፉ ከከተማው መግቢያ ይጀምራል። የልማት ሥራው ግን ሰልፍ አይጠብቅም፤ ችግኝ በክረምቱ መግቢያ መድረስ አለበት፣ ሲሚንቶና የውኃ ቧንቧ ወደ ገጠር መውጣት አለበት፣ ምጥ የያዛት እናትም በሌሊት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። በዚህ ጊዜ አንዱ አባል «ናፍጣ በተገኘ ቀን የምናጠራቅምበት ነገር ለመኪናው እናሠራለት» ይላል፤ ጉባኤውም ይስማማል።

ከመስማማታችሁ በፊት ግን ሒሳቡን ሥሩ። የሃይሉክስ ፒካፕ ዋና ሳልቫትዮ 80 ሊትር ያህል ይይዛል። መኪናው ጭኖ ሲሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይፈጃል ብንል እንኳ፣ ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፣ ይኸውም 460 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ፣ 55 ሊትር ይበቃዋል። ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሾኔ፣ ከሆሳዕና በዶዮገና በኩል ወደ አረካ ለሚመላለስ መኪና አንድ ሙሉ ሳልቫትዮ የብዙ ቀን ስንቅ ነው። እንግዲህ የብዙዎቻችን ችግር የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የማደያው ባዶነት ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለተኛ ሳልቫትዮ ሁልጊዜ መድኃኒቱ አይደለም። የመኪናውን ጉዞ አቀናጅቶ፣ ሁለቱን መንገድ በአንድ መንገድ ጨርሶ፣ ዋናው ሳልቫትዮ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ብቻ ችግሩን የሚያቃልልለት አጥቢያ ብዙ ነው። ሁለተኛው ሳልቫትዮ በእውነት የሚያስፈልገው ከጊምቢቹ ቁልቁል ወደ ግቤ ቆላ ለሚወርድ፣ ማደያ በሌለበት ብዙ ቀን ለሚሠራ፣ ወይም ለውኃ ፓምፕና ለጄነሬተር ናፍጣ ለሚያደርስ መኪና ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው አጥቢያ ይስማኝ፤ የሌለው ግን ገንዘቡን ለጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።

የሚያስፈልገው ሰው ሳልቫትዮውን ካላሠራ ምን እንደሚያደርግም አውቃለሁ። የምግብ ዘይት የነበረበትን ቢጫ ጀሪካን በናፍጣ ሞልቶ ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጣል። የጀሪካኑ ክዳን በኮረኮንች መንገድ ይላላል፤ ናፍጣው በጋቢናው ምንጣፍ ላይ ይፈሳል፤ መኪናው ቢጋጭ ጀሪካኑ በሹፌሩ ማጅራት ላይ ይወረወራል። ከኋላ መጫኛው ላይ ቢቀመጥም የፈሰሰው ናፍጣ ቆጮውን፣ ድንቹንና የሀዳሮን ዝንጅብል ያበላሻል፤ ናፍጣ የነካው ቆጮ ምን ቢታጠብ እንደማይበላ እናቶቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ንግግሬን «አታሠሩ» ብዬ አልጨርሰውም። በደንብ የተሠራ፣ በደንብ የሚተነፍስ ሳልቫትዮ ከጀሪካን እጅግ ይሻላል። ከፋብሪካቸው ሁለት ሳልቫትዮ ይዘው የሚወጡ የላንድክሩዘር ሞዴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 90 ሊትር ይይዛል። ነገሩ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ነገር ግን ፋብሪካው መተንፈሻውን፣ ቱቦውንና ማሰሪያውን አስቦ ሠርቶታል። የእኛ በያጅም እንዲሁ እንዲያስብበት ማድረግ አለብን።

አንድ ነገር ቆርጬ ልናገር፤ የምናገረው ስለ ናፍጣ ብቻ ነው። ናፍጣ እሳት የሚቀበል ተን የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ውስጥ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ በመጫኛው ወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። መኪናችሁ የቤንዚን ከሆነ ይህን ሥራ በመንደር ጋራዥ አታሠሩ።

ፈቃዱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ መርማሪው ከመኪናው ሥሪት ጋር የማይገናኝ ዕቃ ሲያይ መጠየቁ አይቀርም። መኪናው ከመቆረጡና ከመበሳቱ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ ሐሳቡን በጽሑፍ አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ነዳጅን ከሕጋዊው መስመር ውጭ በሚያከማቹና በሚሸጡ ላይ ጥብቅ ቅጣት አስቀምጧል። ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ ሁለት ሳልቫትዮ ያለው መኪና ሲያይ ንግድ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በመኪናው በር ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ተጽፎ ከሆነ ጥርጣሬው በሹፌሩ ብቻ አይቆምም። ስለዚህ ሳልቫትዮው ለምን እንደ ተሠራ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ፣ የፈቃዱ ግልባጭና የነዳጅ መዝገቡ ከመኪናው አይለዩ። ሳልቫትዮው ከጉባኤው ዕውቀት ውጭ አንድ ሊትር እንኳ ለሰው እንዳያበድር ከወዲሁ ይወሰን።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ።

በመጀመሪያ ከምን ይሠራ? ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የብረት ላሜራ ይበቃል፤ አሉሚኒየም ማግኘት የቻለ ያግኝ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ግን አይሁን። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በየቦታው ስለሚገኝ በያጆች ይወዱታል፤ ዚንኩ ግን በጊዜ ብዛት ከናፍጣው ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ያለ ዝቃጭ ይፈጥራል፣ ዝቃጩም ፊልትሮውን ይደፍናል። የመዳብ ቱቦም በተመሳሳይ ምክንያት አይመከርም። ከሁሉ የከፋው ግን አሮጌ በርሜል ቆርጦ መበየድ ነው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ሲመስል በተን የተሞላ ነው፤ የብየዳው እሳት ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። በዚህ መንገድ ሕይወታቸውን ያጡ በያጆች ጥቂት አይደሉም። ሳልቫትዮው ከአዲስ ላሜራ ይሠራ። በኋላ ቢያፈስና ብየዳ ቢያስፈልገው መጀመሪያ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ብየዳው ከሚያርፍበት ጠባብ ቦታ በቀር በውኃ ተሞልቶ ይበየድ፤ ይህን የማያውቅ በያጅ ደግሞ አይንካው።

ውስጡ ባዶ ሣጥን ከሆነ ናፍጣው በየጠመዝማዛው ይናጣል። ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ፣ በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ስትዞሩ ግማሽ የሞላ ዕቃ ውስጥ ያለ ናፍጣ ከወዲያ ወዲህ ሲመታ መኪናውን ይጎትታል፤ ብየዳውንም ያደክማል። ስለዚህ በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው መከፋፈያዎች ይበየዱበት። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 100 ሊትር ከነዕቃው ከ110 ኪሎ ያላነሰ ነው። ይህ ክብደት ከጋቢናው ኋላ፣ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ወደ መኪናው ጭራ አይሂድ። በአራት ማእዘኑ በጠንካራ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ የብረት ሮንዴላ ተደርጎለት ይታሰር። ቀጭኑ የመጫኛ ላሜራ ብቻውን አይችለውም፤ መኪናው ሲጋጭ 110 ኪሎው ከአንድ ቶን በላይ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ፊት ያለው ደግሞ ሹፌሩ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። የነዳጅ ዕቃ ለምን ይተነፍሳል?

ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውኃ የሞላ፣ አፉ የጠበበ ጀሪካን ይዛችሁ ገልብጡት። ውኃው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጉልጭ ጉልጭ እያለ፣ እየቆመና እየቀጠለ ይወርዳል። የወጣውን ውኃ ያህል አየር መግባት ስላለበት፣ አየሩና ውኃው በአንድ ጠባብ በር ይጋፋሉ። የዘይት ቆርቆሮ የሚከፍቱ እናቶች ሁለት ቀዳዳ የሚበሱት ለዚህ ነው፤ አንዱ ለዘይቱ መውጫ፣ ሁለተኛው ለአየሩ መግቢያ። የቆጮ ጉድጓድ አየር እንዳይገባው በኮባ ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል፣ እንዲህ ካልሆነም ይበላሻል፤ የነዳጅ ዕቃ ግን እንደ ቆጮ ጉድጓድ ሲደፈን ነው የሚበላሸው። ከሳልቫትዮው 10 ሊትር ናፍጣ ሲወጣ 10 ሊትር አየር ካልገባ ውስጡ ባዶነት ይፈጠራል፤ ፓምፑ እየጎተተ ምንም አያመጣም፣ ሞተሩ በዳገት መካከል ይጠፋል፣ ሹፌሩም ፊልትሮውን ይወቅሳል።

በእኛ አገር ደግሞ ከሌላው ቦታ የበለጠ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የመሬታችን አቀማመጥ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የግቤ ቆላ ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ባለው ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ፣ ዝቅ ባለው ቦታ የከበደ ነው። ሆሳዕና ላይ በጥብቅ የተደፈነ ዕቃ ግቤ ሲደርስ የውጭው አየር ከውስጡ በልጦ ይጫነዋል። ልዩነቱ በአንድ ካሬ ሜትር ከ1200 ኪሎ በላይ ነው፤ ግማሽ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የሳልቫትዮ ግድግዳ 600 ኪሎ ያህል ተጭኖበት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ማለት ነው። የቆላው ሙቀት የውስጡን አየር ስለሚያሰፋ ጫናውን ጥቂት ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ሲመለስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቆላ ላይ የተደፈነው ዕቃ ዳገቱን ሲወጣ የውስጡ አየር ከውጭው ይበልጥና ናፍጣውን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል። ግድግዳው አንድ ቀን ወደ ውስጥ፣ አንድ ቀን ወደ ውጭ እየታጠፈ ሲሄድ ብየዳው በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

ናፍጣው ራሱም በሙቀት ያብጣል። በዶዮገና ውርጭ ጠዋት እስከ አፉ የተሞላ 100 ሊትር ናፍጣ በ25 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህ 2 ሊትር የሚሄድበት ቦታ ካላገኘ በመተንፈሻው ይወጣል። ስለዚህ ሳልቫትዮው ከ95 በመቶ በላይ አይሞላም። የአሜሪካ የከባድ መኪና ደንብ ይህንኑ 95 በመቶ ያዛል፣ መተንፈሻውም ነዳጅ የማያፈስ ዓይነት እንዲሆን ይጠይቃል። የመሙያው አንገት ወደ ውስጥ ጥቂት ገብቶ እንዲበየድ ብታደርጉ ከላይ የአየር ቦታ በራሱ ይቀራል፤ ሹፌሩ ለመጠቅጠቅ ቢሻም አይችልም።

መተንፈሻው እንዴት ይሠራ? ቱቦው ከሳልቫትዮው ጣሪያ ይነሣል። መኪናው ዳገት ሲወጣ ከፍተኛው ቦታ የፊቱ ጫፍ፣ ቁልቁል ሲወርድ የኋላው ጫፍ ይሆናልና፣ ከሁለቱም ጫፍ ተነሥተው ከላይ አንድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ቱቦዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ ከመካከል ይነሣ። ከዚያ የጋቢናውን ጀርባ ተደግፎ ከመሙያው ክዳን በላይ ከፍ ይበል፤ ጫፉ እንደ ከዘራ ራስ ታጥፎ ወደ ታች ይመልከት። ወደ ላይ የሚያይ ጫፍ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣል። የቱቦው ውስጥ ስፋት ለመተንፈስ ብቻ ከሆነ 8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በሚሞላበት ጊዜ ግን የማደያው ፓምፕ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ በዚያችው ደቂቃ 40 ሊትር አየር መውጣት አለበት። ስለዚህ ከሳልቫትዮው ጣሪያ ወደ መሙያው አንገት የሚመለስ፣ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሌላ የአየር ቱቦ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ናፍጣው በቀጂው ፊት ላይ ይረጫል፤ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

በመተንፈሻው መንገድ ላይ መኪናው ሲገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ ይግባ። ውስጧ ትንሽ ኳስ አለች፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየር ታሳልፋለች፣ ሲገለበጥ ወርዳ ቀዳዳውን ትደፍናለች። ዋጋዋ ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ሲታይ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚተዋትም እርሷን ነው። እኔ ግን ይህች ቫልቭ ካልተገኘች ሥራው እስክትገኝ ይቆይ እላለሁ። ገደል የገባ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች በራሳቸው ላይ 90 ሊትር ናፍጣ እየፈሰሰ መውጫ እንዲፈልጉ ማድረግ የለብንም።

ጫፉ የት ይውጣ? ከማርሚታው የራቀ፣ ከባትሪው የራቀ፣ ጭቃ የማይረጭበት፣ ከጋቢናው መስኮትም የራቀ ቦታ ይሁን። መጫኛው ሸራ ካለው ጫፉ ከሸራው ውጭ ይሁን። ጫፉ ላይ ትንሽ የአቧራ ማጣሪያ ይደረግለት፤ የሞተር ዘይት በተቀየረ ቁጥርም ይታይ። ጭቃ የሚለጥፉ ተርቦች ክፍት ቱቦ ሲያገኙ ጎጆ ይሠሩበታል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ቱቦውም ለነዳጅ የተሠራ ይሁን። አትክልት የሚጠጣበት ላስቲክ በናፍጣ ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ሲጣበቅ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ መተንፈሱ ግን ቆሟል።

በየጋራዡ የሚታየው አቋራጭ የመሙያውን ክዳን በምስማር መብሳት ነው። እርግጥ አየር ይገባል። ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ በዳገት ናፍጣ ይፈሳል፣ በዝናብ ውኃ ይገባል፣ በበጋ አቧራ ይገባል፣ መኪናው ሲገለበጥም የሚዘጋው የለም። ከሌላ መኪና የተፈታ ክዳን መግጠምም አያዋጣም። ብዙዎቹ ክዳኖች አየር ወደ ውስጥ ብቻ እንጂ ወደ ውጭ አያሳልፉም፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ደህና ሆኖ ዳገት ሲወጣ የሚያብጥ ሳልቫትዮ ካያችሁ ክዳኑን ጠርጥሩ።

ናፍጣው ከሁለተኛው ሳልቫትዮ ወደ ሞተሩ እንዴት ይድረስ የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። በቀጥታ ወደ ሞተሩ አትላኩት። የናፍጣ ሞተር ከሚስበው ነዳጅ ብዙውን አቃጥሎ አይጨርሰውም፤ የተረፈውን በመመለሻ ቱቦ ወደ ዋናው ሳልቫትዮ ይመልሳል። ከሁለተኛው እየሳበ ወደ አንደኛው ከመለሰ አንደኛው ሞልቶ ይፈሳል፣ ሁለተኛው ሳይታሰብ ያልቃል። ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ሁለተኛው ወደ ዋናው ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል፤ ታዲያ መዝጊያ ቫልቭ ይኑረው፣ ዋናው ግማሽ ሲሆን ይከፈት፣ ሳይሞላ ይዘጋ። ክፍት ሆኖ ቢረሳ ዋናው ከሞላ በኋላ ናፍጣው በዋናው መተንፈሻ በኩል መንገድ ላይ ይፈሳል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚመርጥ ማብሪያውን ጋቢና ውስጥ ከመብራት ጋር ያድርግ፤ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። የሁለቱ ሳልቫትዮ መተንፈሻ ለየብቻ ይሁን፤ አይገናኙ።

ከታች የውኃ ማውጫ ብሎን አይርሳ። የሚተነፍስ ዕቃ የክረምቱን እርጥብ አየር ይስባል፤ በሌሊት ብርድ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ከናፍጣው ሥር ይተኛል። በወር አንድ ጊዜ ጥቂት አውጥታችሁ በብርጭቆ እዩት። የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ኖዝሎች ውኃን ፈጽሞ አይታገሡም፤ ዋጋቸውንም የገዛ ያውቀዋል።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑ፤ ይህን ፈተና ከጉባኤው ሁለት ሰው ቆሞ ሊያየው ይገባል። ሳልቫትዮው መኪናው ላይ ሳይወጣ በደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጥ። መውጫዎቹ ሁሉ ይደፈኑ፤ አየር ሳይቀርበት በውኃ ይሞላ። ከአንዱ ቀዳዳ ግልጽ ቱቦ ተያይዞ ከሳልቫትዮው ጣሪያ 3 ሜትር ከፍ ይበል፤ ቱቦውም እስከ ጫፉ በውኃ ይሞላ። የ3 ሜትር ውኃ ክብደት 0.3 ባር ግፊት ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 34 ለብረት የነዳጅ ዕቃ ቢያንስ ይህንኑ ግፊት ለአንድ ደቂቃ እንዲችል ይጠይቃል። ግድግዳው ጥቂት ቢያብጥ አይገርምም፤ ብየዳው ላይ አንዲት ጠብታ ከታየች ግን ይመለስ። በአየር መጭመቂያ አትፈትኑት፤ የታመቀ አየር የያዘ ዕቃ ሲሰነጠቅ ብረቱ ይወነጨፋል፣ ውኃ ግን ፈስሶ ያበቃል። ከዚያ ዕቃው ይድረቅ፤ ውስጡም ከብየዳ ፍርፋሪ ይጽዳ።

አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ሳልቫትዮ የተገጠመበት መጫኛ ላይ ሰው አይሳፈርበት። በዓመት በዓል መዘምራንን ከኋላ ጭኖ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጧፍ የያዘ አለ፣ የጽና ፍም የያዘም አለ። ከመኪናው አንዱን ምረጡ፤ ወይ ሰው ይጫን ወይ ናፍጣ።

በዚህ ላይ ከተሰብሳቢዎች ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ከነመልሳቸው አኖራለሁ።

አንድ የዱራሜ አባል «የውኃ ማጠራቀሚያ ፕላስቲክ ሮቶ ርካሽ ነው፤ ስለ ምን እርሱን አንጠቀምም?» ብለው ጠየቁ። የውኃ ሮቶ ለነዳጅ አልተሠራም፤ መገጣጠሚያዎቹ በናፍጣ ይላላሉ። ከዚህም በላይ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነዳጁ ሲፈስ የሚፈጠረው ብልጭታ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አያገኝም። ጀሪካንም ቢሆን በመጫኛው ላስቲክ ላይ እንዳለ አይሞላ፤ መሬት ላይ ወርዶ ይሞላ።

ሌላ አባት ካህን ደግሞ ወደ ሺንሺቾ በሚወስደው ዳገት ላይ ከመተንፈሻው ናፍጣ ጠብ እንደሚል፣ ሳልቫትዮው ግን ከምልክቱ በላይ እንዳልተሞላ ገለጹ። መጀመሪያ ቱቦው ከየት እንደ ተነሣ ይታይ፤ ከኋላው ጫፍ ብቻ ተነሥቶ ከሆነ በዳገት ጫፉ ከናፍጣው ሥር ይሰጥማል፤ ወደ ፊት ወይም ወደ መካከል ይዛወር። ቦታው ትክክል ከሆነ የታጠፈው ራስ ከመሙያው ክዳን በላይ መሆኑ ይለካ። እርሱም ደህና ከሆነ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ጠብታው ካላቆመ ውስጡ የታመቀ አየር መውጫ አጥቶ ናፍጣውን እየገፋ ነው፤ ኳሷ በአቧራ ተጣብቃ ሊሆን ይችላልና ቫልቩ ተፈትቶ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠብ፣ ሲነቀነቅም ኳሷ መንቀሳቀሷ በጆሮ ተሰምቶ ይመለስ።